በሽሪምፕ ግንባር ላይ ስለሚታየው ነጭ ነገር

ሽሪምፕ የተባሉትን ቅርፊት ያላቸው ትናንሽ የውኃ እንስሳት ቤታቸው በገንዳ የሚያረቡ እህታችን፣ «ከቀያዮቹ ሽሪምፖቼ አራቱ ግንባራቸው ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር አብቅለዋል፤ ውኃውን በሙሉ ልቀይር ወይስ መድኃኒት ልጨምር?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ ዛሬ ሁለቱንም አያድርጉ። አንዱን ሽሪምፕ ጥርት ባለ ብርጭቆ ውስጥ ለብቻው አድርገው በማጉያ መነጽር ይመልከቱት።

በዓይኖቹ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ራሳቸው ላይ ሁለት ቀንድ መሳይ ነገር ያላቸው ነጫጭ ትሎች ተተክለው የሚወዛወዙ ከሆነ፣ ስኩታሪየላ ጃፖኒካ የተባለው ጠፍጣፋ ትል ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሽሪምፑ በፊት እግሮቹ ግንባሩን ደጋግሞ ይጠርግ ነበር። ትሎቹ እጥፍ ብለው ያሳልፉትና መልሰው ቀና ይላሉ። በጣም አሳዘነኝ።

ትሉ ጥቂት ሲሆን ሽሪምፑን አይገድለውም። አስቸጋሪው እንቁላሉ ነው። የሚጥለው ከቅርፊቱ ሥር፣ ሽሪምፑ በሚተነፍስበት ስንጥብ አጠገብ ስለሆነ ጨው አያጠፋውም። ሽሪምፑ ቅርፊቱን ሲያወልቅ እንቁላሉ አብሮ ይወርዳል፤ ቅርፊቱ ገንዳው ውስጥ ከቀረ ግን ተፈልፍሎ ሌላ ተሸካሚ ያገኛል። ሦስት ጊዜ በጨው አጥቤያቸው ሦስቴም የተመለሰብኝ በዚህ ምክንያት ነበር። በሌላ ጊዜ ሽሪምፖቹ እንዲበሉት ቅርፊቱን መተው ጥሩ ነው፤ አሁን ግን ባዩት ቁጥር ወዲያውኑ ያውጡት።

ለጨው እጥበቱ በአንድ ብርጭቆ የገንዳው ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ አዮዲን የሌለው ጨው አሟሟለሁ። ሽሪምፑን በመረብ ይዤ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ አቆየዋለሁ፤ ከተገለበጠ ቀድሜ አወጣዋለሁ። መዳብ ያለበትን የዓሣ መድኃኒት ግን በፍጹም አይጠቀሙ። እኔ መለያውን ሳላነብ ጨምሬ በማግሥቱ ብዙዎቹን ሞተው አገኘኋቸው። ዓሣ የሚችለውን መዳብ ሽሪምፕ አይችለውም። ውኃውን በአንድ ጊዜ መቀየርም ያለጊዜው ቅርፊት ያስወልቃቸውና ይጎዳቸዋል።

ነጩ ነገር ትል ሳይሆን ብናኝ ጥጥ የሚመስል ከሆነ ቮርቲሴላ ሊሆን ይችላል። ደወል የሚመስል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው፤ ሲነካ ዘንጉ እንደ ሞላ ይጠቀለላል። ጥቃቅን ፍጥረታትን በራሱ በሠራው ማጉያ ያጠና የነበረው ኔዘርላንዳዊው ሉዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1676 በጻፈው ደብዳቤ ከገለጻቸው ጥቃቅን ፍጥረታት አንዱ እንደሆነ ይታመናል፤ በማጉያ ሲያዩት መደነቁ አይቀርም። የሽሪምፑን ሥጋ አይበላም፤ ምግቡ በውኃው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ከበዛ የሚመረመረው ውኃው ነው። ምግብ ይቀንሱ፣ የተረፈውን ያውጡ፣ ከውኃው ጥቂት ጥቂቱን ይቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአንዱ ሽሪምፕ ሥጋ ከውስጥ እንደ ወተት ከነጣ፣ ማይክሮስፖሪዲያ የተባለው ጥገኛ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይለዩት። እስካሁን የሚያድነው መድኃኒት አላገኘሁም፤ ሲሞት ሌሎቹ ከበሉት ደግሞ ወደ እነርሱ ሊተላለፍ ይችላል።

በማጉያው ያዩትን ይጻፉልኝ፤ በተለይ ትሎቹ ስንት እንደሆኑና ስንጥቡ አካባቢ በቅርፊቱ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣብ መኖሩን።