ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) ላይ ቲሲስ ሰርቼ ስራ አገኛለሁ ወይ ላልሽኝ የደሴ ልጅ

አብሽሪ እህቴ። ለሌሎቹም ይጠቅማልና ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፦ ፋርማሲ ጨርሳ ፋርማሱቲክስ ማስተርስ ልትጀምር ነው፣ ለቲሲስ መድኃኒት የተጫነበት የፒኤልጂኤ (ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈራርስ ፖሊመር) ማይክሮፓርቲክል (ደቃቅ ቅንጣት) ስትሰራ ዲክሎሮሜቴን የሚባለውን ሶልቨንት ኢታይል አሴቴት በሚባለው ብትቀይረው ምን እንደሚመጣ ማየት ትፈልጋለች፣ ቤተሰብ ደግሞ "ይሄ ምን እንጀራ ያበላል፣ ድራግ ቤት ክፈቺ" እያላት ነው።

ርዕሱን አትቀይሪ። ሉፕሮን ዴፖ የሚባለው የፕሮስቴት ካንሰር መርፌ በዚሁ ዓይነት ማይክሮፓርቲክል ከፈረንጆቹ 1989 ጀምሮ አለ እኮ። ግን እዚህ ሀገር ማይክሮፓርቲክል የሚሰራ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ፋብሪካ አትጠብቂ፣ ሶልቨንት መርጦ ለምን እንደመረጠ የሚያስረዳ እና ምርቱ ውስጥ የቀረውን የሚለካ ሰው ነው የሚፈለገው፣ ታብሌት ኮት የሚያደርገው (በስስ ሽፋን የሚለብጠው) ፋብሪካም የመድኃኒት ፋይል የሚመረምረው ተቆጣጣሪም እሱን ነው የሚፈልገው።

ኢንተርቪው ላይ "ኢታይል አሴቴት መርዛማነቱ ያንሳል" ብለሽ ካቆምሽ ማንም የሚለው ነው። በአይሲኤች (የመድኃኒት ጥራት መስፈርት የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት) መመሪያ ምርቱ ውስጥ የሚቀረው የዲክሎሮሜቴን ቅሪት ገደብ 600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 600 እጅ) ነው፣ የኢታይል አሴቴት 5,000፣ እሺ። ጉዱ ያለው ስራው ላይ ነው። ኢታይል አሴቴት ውሃ ውስጥ 8 ፐርሰንት ገደማ ይሟሟል፣ ዲክሎሮሜቴን 2 እንኳን አይሞላም፣ ስለዚህ በሶልቨንቱ የሟሟውን ፖሊመር ፒቪኤ (ጠብታዎቹ እንዳይያያዙ የሚጨመር ነገር) ያለበት ውሃ ላይ ስታፈሺው ኢታይል አሴቴቱ ወዲያው ወደ ውሃው ይሸሽና ጠብታው በቅጡ ሳይበታተን ፖሊመሩ ይደርቃል፣ ክብ ክብ ስትጠብቂ ክር ክር ያለ ጓጓላ ይወጣልሻል። መላው ውሃውን ቀድሞ በኢታይል አሴቴት ማጥገብ ነው፣ ኢመልሽኑ (ጠብታዎቹ የተበተኑበት ድብልቅ) ከተሰራ በኋላ ብዙ ውሃ ላይ መገልበጥ። መድኃኒቱ ውሃ የሚወድ ከሆነ ደግሞ አብሮ ይሸሻል፣ እሱንም ለኪ።

ሌላው፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ዲክሎሮሜቴን ባህር ጠለል ላይ 40 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እናንተ ጋ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ከዛ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈላው፣ በዛ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ላብራቶሪውን ያቀዘቅዘዋል፣ አንዱ ትነቱን ያፈጥናል አንዱ ያዘገያል፣ እና ፔፐር ላይ "በክፍል ሙቀት ይህን ያህል ሰዓት" የሚለውን እንዳለ አትገልብጪ፣ ኮምቦልቻ ወርደሽ ብትሰሪው እንኳን ሌላ ነው። የክፍሉን ሙቀት በየቀኑ መዝግቢ። ፊዩም ሁድ (ትነቱን ስቦ የሚያስወጣ ሳጥን) የማይሰራበት ላብራቶሪ ውስጥ ዲክሎሮሜቴን እንዳትከፍቺ ደግሞ።

ፒኤልጂኤ ውድ ነው፣ እጅሽን መጀመሪያ ኢታይል ሴሉሎስ በሚባለው ሌላ ፖሊመር አፍታቺ፣ ሁለቱም ሶልቨንት ውስጥ ይሟሟል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ (የሶልቨንቱን ቅሪት የሚለካው መሣሪያ) የት እንደምታገኚ ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ አማካሪሽን ጠይቂ፣ ካልተገኘ "ቅሪት" የምትለዋን ከርዕሱ አውጪያት።

ድራግ ቤቱን በተመለከተ ቤተሰቦችሽ ጨርሰው አልተሳሳቱም፣ መክፈቱ ይቆይና ማታ ማታ ተቀጥረሽ ብትሰሪ ኬሚካል መግዣሽን ይችላል።