የሁለቱን ወንድማማቾች ስክሪፕት ይዞ ለመጣው ልጅና ለጓደኞቹ

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ታውቁታላችሁ። ማታ ደጅ የተረሳ ባልዲ ጠዋት በረዶ ለብሶ ነው የሚገኘው።

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዱ ስክሪፕት በፌስታል ይዞ ቤቴ መጣ። «አባባ፣ ዕድሜ ልክዎን በካሜራ ነው የሠሩት አሉኝ፣ እስኪ ይዩልኝ» አለ። (አባባ መባሉን ገና አልለመድኩትም።) አየሁለት። ለእሱ የምለው ለሁላችሁም ስለሚሆን ነው እንዲህ በደብዳቤ ያደረግኩት።

ታሪኩን ወድጄዋለሁ። ዘመኑ ከ1928 እስከ 1933፣ አገሩ መንዝ። ታላቅየው ጫካ ገብቶ ይሸፍታል። ታናሽየው ርስቱ እንዳይነቀል፣ እናቱ እንዳትቃጠል ብሎ ለጣሊያን ያድራል። እንዲህ ያለ ቤት በእኛ አገር ሞልቷል። በተዝካርና በሰርግ ላይ ግን ስለ ታናሽየው ማንም አያነሳም። ልጁ ይህን ማንሳቱ ደፋር ነው።

ጥቃቅኑን ቶሎ ልጨርስ። ጀግናው ጣሊያን ሳይደርስ በጣርማ በር ዋሻ ሲያልፍ አሳይተኸዋል። ዋሻውን ያስቆፈረው ጣሊያን ነው! ሰውዬውን በዳገቱ አስኪደው። ውሃ የምትቀዳዋ ልጅ እንስራ ትያዝ፣ ቢጫ ጀሪካን አታሳየን። ቆርቆሮ ያልገባበት መንደር ፈልግ፤ አሁንም አለ፣ ትንሽ በእግር መሄድ ይጠይቃል። ቀጥሎ የምኒልክን ዘመን እሠራለሁ ካልክ ደግሞ ባሕር ዛፍ ጠላትህ ነው። ዛፉ አገር የገባው በእሳቸው ዘመን ስለሆነ፣ ወጣት ምኒልክን በአንጎለላ ስታሳይ ከኋላቸው የባሕር ዛፍ ጫካ ቢቆም የሚያውቅ ሰው ይስቅብሃል።

ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ስልሳ ገጽ ስክሪፕት ውስጥ ሃምሳው ቤት ውስጥ ነው። ወንድማማቾቹ መደብ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። «ወንድሜ ሆይ፣ ልቤን ለምን አቆሰልከው?» ይባባላሉ። እኔ መንዝ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ሁለት ወንድማማቾች እንዲህ ሲነጋገሩ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። የተቀያየሙ ከሆነ አንዱ «በሬው አነከሰ» ይላል። ሌላው «አየሁት» ይላል። በቃ። ጠቡም እርቁም እዚያው በሬው ላይ ነው ያለው።

አንድ የአሜሪካ ፊልም ልንገራችሁ፣ ስሙን በአማርኛ «ወንዝ በመሃሉ ያልፋል» ብንለው ያስኬዳል። ሮበርት ሬድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ነው። ያለፈ ዘመን ፊልም ነው፤ ታሪኩ ሞንታና በሚባል ተራራማ ግዛት፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ይሄዳል። አባትየው የፕሮቴስታንት ቄስ ነው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ኖርማንና ፖል። ኖርማን ረጋ ያለ ነው፣ ተምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይሆናል። ፖል ጋዜጠኛ ነው፤ ይጠጣል፣ ይቆምራል፣ ይደባደባል። እንደምትረዱት ሁለቱ በአፍ አይግባቡም። አባትየውም ስብከት እንጂ ወሬ አይችልም። ሦስቱ የሚገናኙት ወንዝ ውስጥ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ብቻ ነው።

አባታቸው ማጥመዱን እንደ ዜማ ነው ያስተማራቸው። ሜትሮኖም የምትባለውን የሙዚቃ ምት መቁጠሪያ አስቀምጦ፣ ዘንጉን በአራት ምት እያስቆጠረ ያስወረውራቸዋል። ዘንጉ በሰዓት ፊት ላይ ከ10 እስከ 2 ቁጥር ባለው መካከል ብቻ ነው የሚወዛወዘው። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያ ሲያነሳ ያየ ሰው ይህ ትዕይንት አይጠፋውም። በኋላ ፖል የአባቱን ምት ትቶ የራሱን ያወጣል። ኖርማን ዳር ቆሞ ያያል። አንድም ቃል የለም፤ ግን ታናሽ ወንድሙ ከእሱ እንደበለጠ እዚያች ላይ ሲገባው ፊቱ ላይ ታያላችሁ።

ፖል በመጨረሻ ተደብድቦ ይሞታል። ፊልሙ ድብደባውን አያሳየንም። ኖርማን መጥቶ ለወላጆቹ ይናገራል፣ የእጁ አጥንቶች ሁሉም ማለት ይቻላል ተሰብረው እንደተገኙም ይናገራል። አባትየው የሚጠይቀው የትኛው እጁ እንደሆነ ነው። ቀኙ ነው። ዘንግ የሚወረውርበት እጅ። እስከዚያ ድረስ ወንዙን፣ እጁን፣ ክሩን እያየን ስለቆየን ያች ጥያቄ ሆድ ትበላለች። ሁሉም ነገር ሳሎን ውስጥ ቢሆን ኖሮ እጅ ተራ እጅ ነበር።

የታሪኩ ባለቤት ኖርማን ማክሊን የእውነት ሰው ነው። ወንድሙ ፖል የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እሱ የጻፈው፣ ፊልሙም የተሠራበት መጽሐፍ የወጣው ግን በ1976፣ ደራሲው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። አሳታሚዎች መልሰውበት ነበር። አንደኛው «እነዚህ ታሪኮች ውስጥ ዛፎች አሉ» ብሎ እንደመለሰለት ራሱ ጽፏል። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ ሰውዬው ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ለፊልሙ ኦስካር ያስገኘው ታዲያ ያ ዛፍና ወንዝ ነው፤ ሽልማቱን የወሰደው የካሜራ ባለሙያው ፊሊፕ ሩስሎ ነው። በነገራችን ላይ የታሪኩ ወንዝ ብላክፉት በማዕድን ዝቃጭና በዛፍ ቆረጣ ተጎድቶ ስለነበር ቀረጻው በአብዛኛው ሌሎች ወንዞች ላይ ነው የተካሄደው። የከተማችንን የበሬሳን ወንዝ እያያችሁ ያደጋችሁ ልጆች ይህ አይገርማችሁም።

ዓሣ አጥማጅ አድርጉት እያልኩ አይደለም፣ መንዝ ውስጥ ማን ያጠምዳል? የእኛ ሰው እጁ የት እንደሚፈታ ግን ታውቃላችሁ። አውድማ አለ። ባና ሽመና አለ፤ ሴቷ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጓሳ አለ፣ የመንዝ የጋራ የሣር ምድር፤ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ሲፈቀድ አገር ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። እስቲ እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ያን ቀን ጎን ለጎን ይጨዱ። አንዱ ለጣሊያን አድሯል፣ አንዱ ማታ ጫካ ሊገባ ነው። እንዲነጋገሩ አታድርጋቸው። ማን ፈጥኖ እንደሚያጭድ ብቻ አሳየኝ። ከኋላ ጭላዳ ከገደሉ ወጥቶ ሣር ይነጫል፣ ጉም ከቆላ ይወጣል። ጉም ደግሞ በቀጠሮ አይመጣም፣ ስንቅ ያዙ።

አሁን የራሴን ልናዘዝ።

በፊልም ክር በምንሠራበት ዘመን፣ ስለ ገብስ ምርት አጭር ዘገባ እንድቀርጽ ተላክሁ። እኔም ብልጥ ነኝ፣ ወደ ታላቅ ወንድሜ አውድማ መራኋቸው። አንድ የ100 ጫማ ጥቅል ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ነው የሚቀርጸው፤ የቀረኝ አንድ ነበር። ሹፌሩ ሳይመሽ እንውረድ እያለ ጥሩንባ ይነፋል። ጋሼ ውቂያውን ጨርሶ፣ ላይዳውን፣ ማዝሪያውን የእንጨት አካፋ፣ ክምሩ ላይ ሰክቶ፣ ኩታውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እስኪ አዝራልኝ» አልኩት።

«ነፋስ የለም።»

«ለፊልም እኮ ነው።»

«ገብሱ ግን የእውነት ነው» አለ።

ለመንኩት። ሰው ፊት ነው፣ ወንድሙ ከአዲስ አበባ በመኪና መጥቷል፣ እምቢ ማለት ከበደው። ተነሥቶ በላይዳው ዛቀና ወደ ላይ በተነው። እብቁ የሚወስደው ነፋስ አጥቶ ቀጥ ብሎ ተመልሶ ክምሩ ላይ ወረደ፣ ጋሼም ራስ ላይ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። «ግሩም ነው» ብዬ ካሜራዬን ዘጋሁ። የለየውን ገብስ መልሰን ከእብቁ ጋር ቀላቅለንበት ሄድን።

ዘገባው ታየ። ቢሮ ውስጥ ማንም ምንም አላለም፣ ከተሜ ሁላ። አገር ቤት ግን ወረዳው ከተማ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ተሰብስበው አይተውት ኖሮ፣ ጋሼን ገበያ ላይ «ያለ ነፋስ የሚያዘራው» ብለው ቀለዱበት። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እሱ አንድ ቀን አላነሳብኝም።

ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ሲስቅ የቀረጽኩት የለም። በፊልም ያለው ጋሼ ያ ብቻ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ማንም እጁን የማያርመው ገበሬ፣ ያለ ነፋስ ሲያዘራ።

ስክሪፕቱን አርሜዋለሁ፣ በቀይ የተሰመረበትን አትፍራ። ታኅሣሥ ላይ የጋሼ ልጅ ገብስ ይወቃል። ካሜራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንወጣለን። ባና ወይም ወፍራም ጋቢ አትርሱ። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሣው። ካልተነሣ እዚያው እናድራለን፣ ለልጁ ነግሬዋለሁ።