የኩሬው ቀንድ አውጣ ይበላል፤ ውሃውን ግን እየው

ጥያቄ፦ በዓሣ ኩሬዬ ውስጥ ትልልቅ ቀንድ አውጣዎች ተራብተዋል። ሥጋቸው ይበላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ለሰውነት የሚረባ ነገር አለው? ለዶሮዎቼስ ብሰጣቸው?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ አለው። ያውም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ። 100 ግራም ሥጋው ውስጥ እንደ ዝርያው ከ12 እስከ 16 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፣ ከእንቁላል አያንስም። ስቡ ደግሞ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ብረትና ማግኒዚየምም አለው። መዳብም አለው፤ የብዙ ቀንድ አውጣዎች ደም ኦክስጅን የሚሸከመው እንደኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ ነዋ።

እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ቀንድ አውጣ ወለሉ ላይ ያገኘውን እየላሰ የሚያድግ እንስሳ ስለሆነ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወይም ጸረ ተባይ ከተረጨ ማሳ የሚወርድ ውሃ ኩሬው ውስጥ ከገባ መርዙ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ደግሞ ብትቀቅለውም አይለቁም። ከእንዲህ ያለ ኩሬ የወጣውን አትብላ፣ ለዶሮም አትስጥ።

ውሃህ ንጹሕ ከሆነ አንድ ሁለቱን ይዘህ ለዓሣ ሀብት ባለሙያ አሳይና የሚበላ ዝርያ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አቆያቸው፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይር፣ ሆዳቸው ይጸዳል። ከመቀቀልህ በፊት እያንዳንዱን በጣትህ ነካ አድርገው። በሕይወት ያለው ሰብሰብ ብሎ ክዳኑን ይዘጋል፤ ዝም ያለውን ጣለው። ጥሬውን ወይም ለብ ያለውን በፍጹም እንዳትቀምስ፣ እስከ አንጎል የሚደርስ የትል እጭ ሊኖርበት ይችላል። በደንብ ቀቅለህ ሥጋውን ስታወጣ ጫፉ ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር አንጀት ቆርጠህ ጣል። ከውሃው በላይ ተለጥፎ የምታየው ሮዝ እንቁላሉ መርዛማ ስለሆነ እሱን አትንካው።

ለዶሮዎቹም ቀቅለህ ነው የምትሰጠው። ቅርፊቱን አትጣል! ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ዶሮ ደግሞ ለአንድ እንቁላል ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ታወጣለች። አብረህ አድቅቀህ ከመኖው ጋር ትንሽ ትንሽ ቀላቅል።

ስትለቅም ግን ባዶ እግርህን አትግባ። ቢልሃርዚያ የሚይዝህ በመብላት ሳይሆን ከአንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው እጭ ቆዳህን በስቶ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ቦቲ ጫማና ረጅም ጓንት አድርግ። ከብቶችህንም ከኩሬው ዳር ሣር አርቃቸው፣ የጉበት ትል እጭ እዚያ ሣር ላይ ተጣብቆ ነው የሚጠብቃቸው።