መመሪያሽን ከኮርሱ ጋር ከማገናኘትሽ በፊት የኮርስ ኮዱን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔ የነበርኩበት ቦታ ታወሰኝ። «ሊብጋይድስ (ላይብረሪዎች የምርምር መመሪያ የሚያዘጋጁበት ሲስተም) ላይ የሠራናቸውን የምርምር መመሪያዎች ሙድል (ተማሪዎች ኮርሳቸውን በኢንተርኔት የሚከታተሉበት ሲስተም) ላይ ካሉት ኮርሶች ጋር እንድናገናኝ ታዘናል፤ ሴሚስተሩ ሊጀመር አንድ ወር ቀርቶታል፤ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔም የተሰጠኝ አንድ ወር ነበር። መመሪያ እንዴት እንደሚዘጋጅ አላወራሽም፤ እሱን ታውቂዋለሽ። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1. አይቲ ክፍል ዛሬውኑ ሂጂ። ሁለቱን ሲስተሞች የሚያገናኘው ኤልቲአይ የሚባል የጋራ ስታንዳርድ ነው። የድሮው ቅጂ፣ 1.1፣ ቁልፍና የምስጢር ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 1.3 ግን ሁለቱም ወገን አድራሻና መለያ እንዲለዋወጡ ይጠይቃል። ስለዚህ የሙድል አድሚኑ ካልተባበረሽ ብቻሽን የትም አትደርሺም።

እኔ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል «ላይብረሪው ድረ ገጽ አለው አይደል? ሊንኩን ለጥፉና ጨርሱ» አለኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ፣ ደብዳቤው የለም ተባልኩ። በጣም ነው የከፋኝ። ለተማሪ የሚጠቅም ሥራ ይዤ ሄጄ እንደ ለማኝ ደጅ ጠናሁ። በሦስተኛው የምርምር ዘዴ የምታስተምር አንዲት መምህርት ለምኜ አብራኝ መጣች። «ተማሪዎቼ ይሄን ይፈልጋሉ» አለች፣ በቃ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አንቺም ብቻሽን አትሂጂ። የላይብረሪ ሰው ሲጠይቅ የላይብረሪ ጉዳይ ይመስላቸዋል፤ መምህር ሲጠይቅ የትምህርት ጉዳይ ይሆናል።

2. ሊንክ በእጅሽ እየዞርሽ አትለጥፊ። ኮርሶች በየሴሚስተሩ እንደ አዲስ ይከፈታሉ፣ የለጠፍሽው ይቀራል። ኤልቲአይ ራሱ እንዲያገናኝ አድርጊው። ተማሪው ሊንኩን ሲጫን ሙድል የኮርሱን አጭር ስም፣ ማለትም ኮዱን የያዘውን፣ ይልካል፣ ሊብጋይድስ ያንን ስም መመሪያው ላይ ከመዘገብሽው ኮድ ጋር ያመሳክራል። ካገኘ የኮርሱን መመሪያ ይከፍታል። ካላገኘ የትምህርት ዘርፉን፣ እሱም ከሌለ አጠቃላዩን ገጽ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይቺን ካነበብሽልኝ ሌላውን ብትዘዪውም ግድ የለኝም።

እኔ ኮዱን ሙድል ላይ እንዳየሁት ሙሉውን ነው የመዘገብኩት። ባዮ 201፣ ከዚያ ሴክሽኑ፣ ከዚያ ሴሚስተሩና ዓመቱ፣ ሁሉም በሰረዝ ተያይዞ። ለስልሳ ምናምን መመሪያ፣ አንድ በአንድ፣ ሌሊት ሳይቀር ተቀምጬ። ሠራ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አለቆቼ ፊት ከፍቼ ሳሳይ ኩራቴ አይጣል ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር ሁሉም ጠፋ። ሙድል ውስጥ ሁለት ኮርሶች አንድ አጭር ስም ሊኖራቸው አይችልም። ለዚህ ነው ሬጅስትራሩ ሴሚስተርና ሴክሽን እየጨመረ የሚለያቸው። ሴሚስተሩ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል። እኔ የመዘገብኩት ያለፈውን ነው። ክፋቱ ደግሞ ስህተት የሚል ነገር አይወጣም። ምንም የተበላሸ አይመስልም፤ ዝም ብሎ የላይብረሪውን አጠቃላይ ገጽ ይከፍታል።

ያወቅኩት በአምስተኛው ሳምንት ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስልኳን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «መምህራችን የምርምር መመሪያውን ክፈቱ ብሎናል፣ እኔ ጋ ግን ይሄ ነው የሚመጣው» ብላ አሳየችኝ። የመክፈቻ ሰዓትና የመጽሐፍ መፈለጊያ ሳጥን። ጽሑፏን የምታስገባው በማግስቱ ነው። ቁጭ ብለን የምትፈልጋቸውን ጽሑፎች አብረን አገኘን፣ እሷ ሄደች። እኔ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ስንቱ ተማሪ ከፍቶት፣ ምንም አጥቶበት፣ ዘግቶት እንደሄደ እያሰብኩ አመሸሁ። አብዛኛው ጠረጴዛ ጋ መጥቶ አይጠይቅም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ መጀመሪያ ብትሠሪው። ሙድል ከሚልከው ስም ውስጥ የማይቀየረውን ክፍል ብቻ ቆርጦ እንዲወስድ ሊብጋይድስን ማዘዝ ትችያለሽ። ባዮ 201 ብቻ። ሴክሽኑም ዓመቱም ይቅር። ግን ከዚያ በፊት የመጪውን ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር ከሬጅስትራር ተቀበዪና አጻጻፉን በዓይንሽ እዪ። እኛ ጋ አንዱ ዲፓርትመንት በሰረዝ፣ ሌላው በባዶ ቦታ፣ ሦስተኛው ምንም ሳይለይ አጣብቆ ነበር የሚጽፈው። ለሲስተሙ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ሬጅስትራሩ አጻጻፍ ሲቀይር ለላይብረሪ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው ብሎ አያስብም። ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ የአንቺ ሥራ ይሁን።

አጠቃላዩንም ገጽ እንዲሁ አትተዪው። «ለዚህ ኮርስ መመሪያ አልተገኘም፣ ላይብረሪያኑን እዚህ አግኙ» የሚል ጽፈሽ አናቱ ላይ አስቀምጪ። እኛ ያንን ካስገባን ወዲህ ኮድ ሲበላሽ በመጀመሪያው ቀን ነው የምንሰማው።

3. ሙከራውን በተማሪ ዓይን አድርጊው። በአድሚን አካውንት፣ ቢሮሽ ውስጥ ሆነሽ ከሞከርሽው ሁሉም ነገር ይከፈታል። የግቢው ኔትወርክ ላይብረሪው ወደሚከፍልባቸው የጽሑፍ ዳታቤዞች ያስገባሻልና። ስልክሽን አውጪ፣ ዋይፋዩን አጥፊ፣ በተማሪ አካውንት ገብተሽ መመሪያው ውስጥ ያሉትን ዳታቤዞች ተጫኚ። በፕሮክሲ (ከግቢ ውጭ ያለን ተማሪ በላይብረሪው በኩል በሚያስገባው ሰርቨር) ያላለፈ ሊንክ ካለ ያኔ ገንዘብ ክፈሉ ይላል። አይፎን ላይም ሞክሪ። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሌላ ድረ ገጽ ኩኪ (ድረ ገጹ ተጠቃሚውን የሚያስታውስበትን ትንሽ ፋይል) ስለሚዘጋ፣ ሙድል ገጽ ውስጥ ተሰክቶ የሚከፈት ነገር መግቢያ ላይ ሊንገላታ ይችላል። በአዲስ መስኮት እንዲከፈት አድርጊውና ተገላገዪ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። እኔ መጀመሪያ ሊንኩን በኮርሱ ገጽ ጎን ባለው ብሎክ ውስጥ አስገባሁት። በስልክ ሲከፈት ብሎኩ ይደበቃል፣ ተማሪውም በአብዛኛው በስልክ ነው የሚገባው። አሁን መምህራኑን እየለመንኩ አሳይመንቱ ካለበት ሥር አስቀምጣለሁ። ተማሪ መመሪያ የሚፈልገው ጽሑፍ ሲታዘዝ ነው።

ለየኮርሱም መመሪያ እየገለበጥሽ አታባዢ። አንዱን ሳጥን (የመመሪያውን አንድ ክፍል) በብዙ መመሪያ ላይ ማጋራት ይቻላል፤ ዋናውን ስታርሚ ሁሉም ይታረማል። እኔ ገልብጬ ነበር። የአንድ ዳታቤዝ ውል ተቋርጦ ሊንኩን ከሠላሳ ቦታ ስለቅም ዋልኩ።

ዛሬ መምህራን ራሳቸው እየደወሉ «የእኔ ኮርስ ላይ መቼ ታስገቢልኛለሽ?» ይሉኛል። ያ የአይቲ ኃላፊ ሳይቀር ባለፈው ሴሚስተር አዲስ የኮድ አጻጻፍ ሲመጣ አስቀድሞ ላከልኝ።

አንድ ወር በቂ ነው፣ አይዞሽ። ዝርዝሩን ከሬጅስትራር ስታገኚ ሦስት አራት ኮዶች እንዳሉ ገልብጠሽ ላኪልኝ። የቱ ጋ ተቆርጦ እንደሚገባ አብረን እናየዋለን።