አፍ መፍታት፦ ስለ ልጆች ንግግር ጠይቁኝ

ሥራዬ አፍ መፍታት ከዘገየባቸው ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር ነው። ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ ጎርፍ ሆነ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ልጃችሁን በዓይኔ ሳላይ ግን «ይህ አለበት» ወይም «ምንም የለበትም» አልልም፤ በዚህ ካሁኑ እንግባባ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጃችን 5 ወሩ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ታወራዋለች። እኔ ግን ከማይመልስ ሰው ጋር ማውራት ያሳፍረኛል። ለመሆኑ ምን ይገባዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉ አይገባውም። ድምፁን ግን ያውቀዋል። በ1980 በወጣ ጥናት፣ ከተወለዱ ገና 3 ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለዩ ነበር። እሱን ለመስማት ሲሉ የጡጦ አጠባባቸውን እስከ መቀየር ደርሰዋል።

«የማይመልስ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ዳይፐር ስትቀይርለት ፊቱን እየው። «አጉ» ይልሃል። አንተም «አጉ? እውነትህን ነው?» በለው። ከዚያ ዝም በልና ጠብቅ። እግሩን ያወራጫል፣ ዓይኑን ያፈጥብሃል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ተራው ደርሶት ተናገረ ማለት ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2003 በወጣ ሌላ ጥናት፣ 8 ወር ገደማ የሆናቸው ልጆች እናቶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ልጁ ድምፅ ባወጣ ቁጥር ወዲያው ፈገግ እንዲሉለትና እንዲነኩት ተነገራቸው። ሌሎቹም ያንኑ ያህል ፈገግ አሉ፣ ነኩ፤ ግን ከልጁ ድምፅ ጋር ሳይገጥም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች እዚያው በጨዋታው መሃል «ባ»፣ «ዳ» ወደሚመስል የጠራ ድምፅ ተሻገሩ። የሌሎቹ ባለበት ቀረ። ፈገግታው እኩል ነው፤ ለውጡን ያመጣው ሰዓቱን ጠብቆ መምጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ «የሀብታም ልጅ ከደሃ ልጅ 30 ሚሊዮን ቃላት በልጦ ይሰማል» ይላሉ። እውነት ነው? እኛ ምን ይዋጠን?

መልስ፦ ምንም አይዋጣችሁ። ቁጥሩ የመጣው ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ ከሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ነው። ካንሳስ ውስጥ 42 ቤተሰቦችን በወር አንዳንድ ሰዓት እየቀረጹ ከ2 ዓመት በላይ ተከታተሉ። መጽሐፋቸው በ1995 ወጣ። 30 ሚሊዮኑ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም፤ የተቀረጸችው ሰዓት ተባዝታ ተባዝታ ነው እዚያ የደረሰው። ከ42ቱ ቤተሰቦች ደግሞ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት 6 ብቻ ነበሩ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በተለያዩ የአሜሪካ አካባቢዎች ጉዳዩን ደግመው ሲያዩት ያን ክፍተት አላገኙትም። በተለይ የአያት፣ የታላቅ እህትና የጎረቤት ወሬ አብሮ ሲቆጠር።

እኔን የሚያሳምነኝ በዚያው ዓመት ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ነው። ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 36 ልጆች ቤታቸው ውስጥ ንግግራቸው ተቀረጸ። ከዚያ ተረት እየሰሙ አንጎላቸው በማሽን ታየ። ከአንጎላቸው የቋንቋ ክፍል እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘው የሰሙት የቃል ብዛት አልነበረም። ከአዋቂ ጋር ስንት ጊዜ ተቀባበሉ የሚለው ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከግምት ሲገባም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ ሬዲዮ አትሁኑ። አንድ ነገር በሉ፣ ጠብቁ፣ ያለውን ተቀብላችሁ ቀጥሉ። ይህ ደግሞ ብር አያስወጣም።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል፣ ቀለም ይለያል። ሁሉንም ከዩቲዩብ ነው የለመደው። ግን አያናግረንም።

መልስ፦ ይህን የጠየቃችሁ በጣም ብዙ ናችሁ።

ወደ እኔ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ሥዕል ሳሳየው «ኤለፈንት»፣ «ትራያንግል» እያለ ያስደምማል። ውሃ ሲጠማው ግን የእናቱን እጅ ጎትቶ ጠርሙሱ ላይ ያሳርፋል። «ውሃ» አይልም፣ ቀና ብሎም አያያትም። የነገር ስም ሞልቶታል፤ ንግግር ከሰው ጋር የሚደረግ ነገር መሆኑ ግን ገና አልደረሰለትም። እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ካየሽ ስልኩን ነጥቆ መጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ አስመርምሪው።

ስክሪንን በተመለከተ ከማውቃቸው ጥናቶች ጥርት ያለው በ2003 ሲያትል የተሠራው ነው። የ9 ወር አሜሪካዊ ሕፃናት ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። አንዳንዶቹ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ከምታጫውታቸው ሰው፣ ለ12 ጊዜ። ሌሎቹ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ንግግር በቪዲዮ። ከሰው የሰሙት የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። ከቪዲዮው የሰሙት ጭራሽ ካልሰሙት አልተሻሉም። በ1981 የተጻፈ ሌላ ታሪክም አለ። መስማት ከማይችሉ ወላጆች የተወለደ፣ እሱ ግን የሚሰማ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማው በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ነበር። ወደ 4 ዓመት ሲጠጋ ንግግሩ የተሰባበረ ነበር። ቁጭ ብሎ የሚያናግረው አዋቂ ሲያገኝ በፍጥነት ተስተካከለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ስልኩን ስትቀሚው ምን ትስጪው? ሽንኩርት ስትልጪ አጠገብሽ አስቀምጪው። ልጣጩን አንስቶ ሲያየው «ልጣጭ! ቀይ ልጣጭ» በዪ። እሱ የያዘውን ጥሪለት። አንቺ «ይህን ይማር» ያልሽው ላይ እንዲያይ አገጩን አትጠምዝዢ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። ልጄ አገር ቤት እናቴ ጋር ናት፣ 2 ዓመቷ ነው። የማገኛት በኢሞ ብቻ ነው። ያም ስክሪን ነው፣ አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ልብሽ አይሰበር። ትመልሽላታለሽ እኮ፤ ካርቱን አይመልስላትም። በ2014 የወጣ ጥናት ይህንኑ ነው የፈተነው። 2 ዓመት የሞላቸው ልጆች በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከምታናግራቸው ሰው አዲስ ቃል ተማሩ። አስቀድሞ ከተቀረጸ ቪዲዮ ግን አልተማሩም።

ስትደውዪ ግን ጥያቄ አታዝንቢባት። «በላሽ? ትወጂኛለሽ? ማነኝ እኔ?» የሚለው ፈተና ነው፤ ልጅ ይሸሸዋል። እናትሽ ስልኩን ወደ ልጅቷ እጅ ያዙሩልሽ። የያዘችውን አይተሽ ስለሱ አውሪ። ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ «ኩኩሉ» በያት፤ «አልነጋም» እስክትል ጠብቂ። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ መልሷ ይዘገያል፤ ያኔ ቶሎ ብለሽ አትደርቢባት።

ጥያቄ፦ ልጄ በፊት «አባዬ ና» ይለኝ ነበር። አሁን «አባዬ ምጣ» ማለት ጀመረ። ወደኋላ ሄደ እንዴ?

መልስ፦ ወደፊት ነው የሄደው! «ና» ያለው እናንተን ሰምቶ ነበር። አሁን ግን ሰዋስው አገኘ። «አትብላ» ካለ «ብላ» አለ፤ «አትውጣ» ካለ «ውጣ» አለ። ታዲያ «አትምጣ» ካለ «ምጣ» ለምን አይኖርም? «ምጣ» የሚል ሰው እቤታችሁ የለም። ራሱ ነው የሠራው። በሌሎች ቋንቋዎች ያሉ ልጆችም የራሳቸው «ምጣ» አላቸው።

«አይባልም!» ብለህ አትቆጣው። «እሺ መጣሁ። አሁን ደግሞ አንተ ና» በለው። ትክክለኛውን ሰማ፣ ወሬውም አልተቋረጠም። ሮጀር ብራውን የሚባል የሃርቫርድ ተመራማሪና ባልደረባው በ1970 ያሳዩት ነገር አለ፦ ወላጅ በአብዛኛው የሚያርመው የልጁን ሰዋስው ሳይሆን እውነት አለመሆኑን ነው። አወራሩ ተሳስቶ ነገሩ እውነት ከሆነ «አዎ» እንለዋለን። እንዲያም ሆኖ ልጆች አስተካክለው ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት እንዳይቸገር ብለን ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የምናወራው። አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ጥሩ አደረግን?

መልስ፦ በግልጽ ልናገር? እንግሊዝኛ አፋችሁን የፈታችሁበት ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ግን አላደረጋችሁም። ብዙ ቤት የምሰማው «ሲት ዳውን»፣ «ኢት»፣ «ኖ»፣ «ካም ሂር» ነው። ሁሉም ትእዛዝ። ድመቷ የት እንደሄደች፣ ሰማዩ ለምን እንደጠቆረ፣ አጎቱ ልጅ እያለ ከዛፍ ሲወድቅ ምን እንደሆነ የሚወራ ነገር የለም። ያን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማለት ለወላጅ ይከብዳላ! ልጁ የሚቀርበት እሱ ነው። ቀልዱ፣ ተረቡ፣ ነገር ማስረዘሙ። አያቱ ሲመጡ ደግሞ ሁለቱ በምልክት ይግባባሉ። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ያገኘዋል። በአንዱ ቋንቋ ታሪክ መናገር የቻለ ልጅ ችሎታውን ይዞ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነን። በአማርኛ አናግራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። (ከእስራኤልም ስለ ዕብራይስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ መጥቷል።)

መልስ፦ ቀጥይ። መስማቷ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። «አልገባኝም» ብሎ ማስመሰል ግን አይሠራም፤ እንደሚገባሽ ታውቃለች። ያለችውን በአማርኛ መልሰሽላት ወሬውን ግፊበት። ከሁሉ የሚሻለው አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው ነው። አያት፣ አክስት፣ ከአገር ቤት የመጣች የአጎት ልጅ። ልጆች ቋንቋ የሚያወጡት ሲፈልጉት ነው። ሁለት ቋንቋ ንግግር ያዘገያል የሚባለው ደግሞ ትክክል አይደለም። ስንት ቃል እንደምታውቅ መቁጠር ካሰብሽ የሁለቱንም ቋንቋ ደምሪ።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ውሃ ስትፈልግ «ትጠጫለሽ» ትለኛለች። ራሷን ነው!

መልስ፦ ውሃ ሲመጣ የምትሰማው እሱን ነዋ። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። «እጠጣለሁ በዪ» ብለሽ አታስደግሚያት። አባቷ «እኔ ውሃ እጠጣለሁ» ሲልሽ ትስማ፤ ከዚያ ይገባታል። ከ3 ዓመት በኋላም ከቀጠለና ሌላ የሚያሳስብ ነገር ካለ አሳዪያት።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጅ ይዘገያል ይላሉ። 2 ዓመቱ ነው፣ «እማ» ብቻ ነው የሚለው። ምላሱን እናስቆርጥለት የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ወንዶች በአማካይ ትንሽ ይዘገያሉ። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ለመጠበቅ ሰበብ አይሆንም። በ12 ወር «ባባ»፣ «ዳዳ» የሚመስል ድምፅ የማያወጣ ወይም በጣቱ የማያመለክት፣ በ16 ወር አንድ ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመት እንደ «አባ መጣ» ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ይታይ። ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ቀን ሳይባል ይታይ።

መጀመሪያ ጆሮውን። «በር ሲንኳኳ ይዞራል» ማለት በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም። የበሩን ኳኳታ እየሰማ «ስ»ንና «ፍ»ን የማይሰማ ልጅ አለ። ጆሮው መግል እየያዘ የሚመላለስ ከሆነ ሐኪም ዘንድ አትዘግዪ። ከምላስ ሥር ያለ ጅማት ጡት መጥባትን ወይም አንዳንድ ድምፅ ማውጣትን ሊያስቸግር ይችላል እንጂ ልጅን ዲዳ አያደርግም። እንጥል ማስቆረጥን ግን ጭራሽ አታስቡት። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ለንግግር የሚፈይደው ነገር የለም። ኦቲዝም ከተጠረጠረ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ ማዕከላት አሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ገጠር ነው ያደግሁት። ልጅ አዋቂ መሃል ገብቶ አያወራም ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ተብለን ነው ያደግነው። ግን ሁላችንም አፋችንን ፈታን። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ አይደለም ወይ? ዕድሜዬ 68 ነው።

መልስ፦ አባባ፣ ጥሩ ያዙኝ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ካሉሊ የሚባል ሕዝብ አለ። እናቶቹ ሕፃን አይገባውም ብለው ብዙም አያናግሩትም። ልጆቹ ግን አፍ ይፈታሉ። ልጅ በአጠገቡ ከሚያልፍ ወሬም ቃል ይለቅማል።

እርስዎም ቢሆን ጭው ያለ ዝምታ ውስጥ አላደጉም። ታላቅ እህትዎ አዝላዎት ስትዞር ታወራዎት ነበር። ከብት ስትጠብቁ እኩዮች ነበሩ። ማታ ደግሞ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ባይሉ ተራኪው አይቀጥልም ነበር። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላሉ፤ ካልመጣልዎት አገር ይሰጣሉ። መቀባበል ማለት ይኸው ነው። የኔ ጭንቀት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ሞግዚትና ከአንድ ቴሌቪዥን ጋር ስለሚውለው ልጅ ነው። እሱ እኩያም፣ እሳት ዳርም የለውም። የልጅ ልጆች ካሉዎት እንቆቅልሹን ያውጡላቸው። የተጠና መጽሐፍ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ሞግዚታችን አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛዋ ደከም ይላል። ልጁ እንዳይደባለቅበት በአማርኛ ብቻ እንድታናግረው ነግረናታል።

መልስ፦ ተዉአት፣ በኦሮምኛ ታጫውተው። አይደባለቅበትም። ቢደባልቅም ቆይቶ ይለያቸዋል፤ እናንተ ደግሞ ማታ በአማርኛ አላችሁለት። በተሰባበረ አማርኛ «ቁጭ በል፣ ብላ» ከምትለው በቋንቋዋ ስለ ዶሮዋ ብታወራው ይሻለዋል። ይልቅ ሥራዋን ቀንሱላት። ልብስ አጥባ፣ ወጥ ሠርታ፣ ቤት ወልውላ ስታበቃ ልጅ ለማጫወት የሚተርፍ ጉልበት የላትም፤ ያኔ ነው ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው።