የስልኩ ሰው ቀመር ደን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጥናቴን ደብረ ታቦር አካባቢ ባሉ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ «የሻነንን ኢንዴክስ ሥሪ» አሉኝ፤ የዝርያ ብዝኃነትን በአንድ ቁጥር የሚለካ ቀመር ነው። ሁለቱ ደኖች እኩል የዛፍ ዝርያ አላቸው፤ ውጤታቸው ግን በጣም ተራራቀ። ሻነን ደግሞ የስልክ ሰው ነበር ይላሉ። ስልክንና ደንን ምን አገናኛቸው? (ተማሪ፣ ከደብረ ታቦር)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙ ተማሪ ቀመሩን ኤክሴል ላይ ሞልቶ፣ የወጣውን ቁጥር ቴሲሱ ላይ ለጥፎ ያልፋል። ዕድሜዬን ዛፍ በመቁጠር ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ክሎድ ሻነን አሜሪካ ውስጥ በስልክ ኩባንያው የምርምር ተቋም፣ ቤል ላብራቶሪ፣ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ የመልእክትን መረጃ በቁጥር ለካ። መለኪያው ቀድመን መገመት ያቃተን ነገር ነው። «ኢትዮጵ» ብዬ ጽፌ ባቆም፣ ቀጥሎ «ያ» እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ያቺ ፊደል ምንም አዲስ ነገር አልነገረችሽም። «በ» ብዬ ባቆም ግን ምን እንደሚከተል በምን ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የባርሴሎናው የሥነ ምሕዳር ተመራማሪ ራሞን ማርጋሌፍ በፊደሉ ቦታ ዝርያን አስገባ። አንቺ የምትሠሪበት ኢንዴክስ ከዚያ የመጣ ነው።

ደን ውስጥ ስገባ ተማሪዎቼን ዓይናቸውን አስጨፍኜ «ቀጥሎ የምነካው ዛፍ ምንድን ነው?» እላቸዋለሁ። አንዱ ደን 100 ዛፍ አለው እንበል፤ 25 ወይራ፣ 25 ጥድ፣ 25 ዝግባ፣ 25 ብሳና። ግምቱ ይከብዳል፤ ኢንዴክሱ 1.39 ይወጣል። ሌላው ደንም አራቱም ዝርያዎች አሉት፤ ግን 97ቱ ጥድ ነው፣ የቀሩት አንድ አንድ። እዚህ ማንም ሰው «ጥድ» ብሎ ይመታዋል፤ ኢንዴክሱ 0.17 ነው። ያንቺም ሁለት ደኖች የተለያዩት በዚህ ይመስለኛል። የቆጠራ ወረቀትሽን አውጪና አንዱ ዝርያ ሌሎቹን ውጧቸው እንደሆነ እዪ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሻነን ራሱ በዚያው ጽሑፉ የመልእክቱ ትርጉም የምሕንድስናው ጉዳይ አይደለም ብሏል። ለስልክ ልክ ነው፤ ሽቦው ለቅሶ አስተላለፈ ሠርግ አስተላለፈ ለውጥ የለውም። ለደን ግን አይሆንም! ከላይ ካሉት አራት ዛፎች ዝግባውንና ወይራውን አውጪና 25 ባሕር ዛፍ፣ 25 የፈረንጅ ጥድ ተኪ። ኢንዴክሱ ያው 1.39 ነው። ቀመሩ አገር በቀሉን ከመጤው አይለይም። ባሕር ዛፍ ወደ አጥር ግቢው ሲጠጋ፣ ጎንደርም ሆነ ጎጃም፣ ቁጥሩ ከፍ እንኳ ሊል ይችላል። «ብዝኃ ሕይወቱ ተሻሻለ» ብሎ ሪፖርት የሚጻፍበት ቀን እንዳይመጣ እፈራለሁ።

ስለዚህ ኢንዴክሱን ብቻውን እንዳታቀርቢው። ከጎኑ የዝርያዎቹን ስም ከነብዛታቸው፣ አገር በቀሉንና መጤውን ለይተሽ፣ በሰንጠረዥ አስቀምጪ። የትኛውን ሎግ (ሎጋሪዝም) እንደተጠቀምሽም ጻፊ፤ እኔ ከላይ የተጠቀምኩት የተፈጥሮ ሎግ ነው። በሁለት መሠረት ከሆነ 1.39 የነበረው 2 ይሆናል፤ ይህን ሳያዩ የሁለት ሰው ጥናት ማወዳደር ትርጉም የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀመሩ ጨርሶ የጠፋ ዛፍ አያውቅም፤ ብዛቱ ዜሮ ከሆነ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ያንን የሚያውቁት የደብሩ ሽማግሌዎች ናቸው። መሪጌታውን ወይም አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አግኝተሽ፣ በልጅነታቸው እዚህ ግቢ የነበረና አሁን የሌለ ዛፍ ካለ ጠይቂያቸው። ኮሶ ነበር? ጥቁር እንጨትስ? በየት በኩል ቆሞ እንደነበርም ያሳዩሽ። የሚሉሽን በራሱ ዓምድ ጻፊው እንጂ ከቆጠራው ጋር አትቀላቅይው።