ካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» ሲል፦ የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

እንዴት ሰነበታችሁ! በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ሴፕሲስ ናቸው። ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ከልክ አልፎ የገዛ ኩላሊቱን፣ ሳንባውን፣ ልቡን ሲጎዳ ማለት ነው። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ሐኪም አይደሉም። ካርድ እያገላበጡ የበሽታ ኮድ የሚያስገቡ ልጆች ናቸው። እኔም ከዚያው ወንበር ስለተነሳሁ ደስ ብሎኛል።

ሐኪሙ «ሴፕሲስ» ብሏል፤ የደም ካልቸሩ (ጀርም መኖሩን ለማየት ደሙን የማብቀል ምርመራው) ግን ምንም አላበቀለም። ላስገባው ወይስ ልተወው? (ከአዘዞ)

አስገቢው እንጂ እህቴ። ካልቸር ባዶ መውጣቱ ሴፕሲስን አይሽርም። ስንቱ ሰው ነው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ፋርማሲ ጎራ ብሎ አንቲባዮቲክ የሚውጠው? በአይሲዲ-10፣ ማለትም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮዶች ዝርዝር፣ ጀርሙ ካልታወቀ ኤ41.9 ነው። ስታፍ አውሬስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ ኤ41.0፣ ኢ. ኮላይ የተባለው ከሆነ ኤ41.5። ነገር ግን የላብራቶሪ ወረቀት ብቻ አይተሽ ጀርሙን ከበሽታው ጋር አታጋቢ። የበቀለው ደም ሲቀዳ ከቆዳ የገባ ሊሆን ይችላል። ጀርሙ ይህ ነው ማለት ያለበት ሐኪሙ ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ካርዶች ግማሾቹ «ሩል አውት ሴፕሲስ» ይላሉ። ሁሉንም ሴፕሲስ ብዬ ልቁጠር? (ከማራኪ)

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት፤ እኔም ወድቄባታለሁ። ጀማሪ ሳለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ የአንድ ሕፃን ካርድ ደረሰኝ። የፊት ገጹ ላይ በኢንተርን እጅ ጽሑፍ «ሩል አውት ሴፕሲስ» ይላል። እኔም ሴፕሲስ ብዬ አስገብቼ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን የራውንድ ማስታወሻ ላይ «ሴፕሲስ የለም፤ አንቲባዮቲክ ይቁም» ተብሎ ነበር። ጽሑፉ ከወረቀቱ ግርጌ ቡና ፈሶበት ቢጫ ሆኗል፤ እኔ ደግሞ እስከዚያ አልገለጥኩም። አለቃዬ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ጣቷን ቡናው ላይ አሳረፈች። ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሩል አውት» ማለት «መኖር አለመኖሩ ይጣራ» ነው። ስለዚህ የፊት ገጹን ትተህ የመጨረሻውን ፈልግ። ከተረጋገጠ፣ 28 ቀን ላልሞላው ጨቅላ ኮዱ ከፒ36 ስር ነው፤ ኤ41 የአዋቂና የትልልቅ ልጆች ነው። ተጣርቶ የለም ከተባለ ሴፕሲስ አይቆጠርም። ሕፃኑ የተገኘበት ሌላ ችግር ይገባል፣ ምንም ካልተገኘ ደግሞ ተጠርጥሮ ተጣርቶ ለታለፈ በሽታ የሚሰጠው ዜድ03 አለልህ። እስከ መውጫው ቀን «ይጠረጠራል» እንደተባለ ከቀረና የሚያብራራ ሰው ከጠፋ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአይሲዲ-10 ደንብ እንደተረጋገጠ አድርገህ አስገባ ይላል። ግን መጀመሪያ ዋርድ ድረስ ሄደህ ጠይቅ። ደረጃ መውጣት ማንንም አልገደለም።

«ዩሮሴፕሲስ» የሚል ካርድ መጣልኝ። (ከኮላድባ)

ቃሉ ራሱ ችግር ነው። አንዱ ሐኪም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ለማለት ይጽፈዋል፤ እሱ ኤን39.0 ነው። ሌላው ከሽንት ተነስቶ ሰውነት የናጠ ሴፕሲስ ለማለት ነው። ሳትጠይቂ አትገምቺ።

እናት ከወለደች በኋላ ሴፕሲስ ሲይዛትስ? (ከዳባት)

ኦ85። ከኤ41 በፊት እሱን አስብ።

አይሲዲ-11 ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀየራል? (የጤና መረጃ ተማሪ)

በአዲሱ ዝርዝር ቁጥሩ ይቀየራል፤ 1ጂ40 ሾክ (የደም ግፊት ክፉኛ መውደቅ) የሌለው ሴፕሲስ፣ 1ጂ41 ሾክ ያለው ነው። በአይሲዲ-10 ሾኩ አር57.2 የሚባል የራሱ ኮድ አለው። ካርድ እስከ መጨረሻው ማንበብ ግን አይቀርልህም።

አባታችን ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ አረፉ። የሞት ወረቀታቸው ላይ «ሴፕሲስ» ብቻ ነው የተጻፈው። ልክ ነው? (ከፒያሳ)

ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው። የሞት ወረቀት እንደ ሰንሰለት ነው የሚሞላው። ላይኛው መስመር ላይ ሴፕሲስ፣ ከስሩ «በምን ምክንያት» ሲባል የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን፣ ታች የትርፍ አንጀት መፈንዳት። ለሞት ምክንያት የሚቆጠረው ነገሩን ሁሉ የጀመረው የታችኛው ነው። ሴፕሲስ ብቻውን ሲቀር አባታችሁ በትርፍ አንጀት መሞታቸው ከቁጥሩ ይጠፋል።

እንዲስተካከል ከፈለጋችሁ ካርድ ክፍል አትሂዱ፤ እነሱ መለወጥ አይችሉም። የካርድ ቁጥሩን ይዛችሁ ወረቀቱን የፈረመውን ሐኪም ጠይቁ።